«ጊቭ ሚ ፔን» ብሎ የጀመረው ልጅ የት ደረሰ?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። ሁለቱም ደጋ ናቸው፤ ገብስ ይበቅልባቸዋል፣ ጋቢ ከትከሻ አይወርድባቸውም። መኪና ውስጥ ፈረንጅ ከታየ፣ መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች እየሮጡ ይመጣሉ። «ዩ! ዩ! ዌር አር ዩ ጎ? ጊቭ ሚ ፔን!» ይላሉ። ሰዋስዉ የተንጋደደ ነው፤ ግን እንግሊዝኛ ነው። ያስተማራቸው መምህር የለም። ከታላላቆቻቸው የሰሙትን ነው የሚደግሙት።

የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም በየተራቸው እዚያው መንገድ ዳር ቆመው «ጊቭ ሚ ፔን» ብለዋል። በመካከላቸው ዐሥራ አምስት ዓመት አለ። ታላቁ አስጎብኚ ሆነ፤ ታናሹ ተማሪ። ስማቸው አያስፈልግም፤ ዳባትና ደባርቅ ውስጥ እንደነሱ ያለ ቤት ብዙ ነው።

ታላቁ 9ኛ ክፍል የገባው «ፕላዝማ» በመጣ ማግስት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣው ትምህርት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንግሊዝኛ ነበር። ሂሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በዚያው ይነገራል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። «ቆይ» አይባል፣ «ይድገሙልኝ» አይባል። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ከተማሪው እኩል ይመለከታል። ታላቁ ያን ጊዜ ሲያስታውስ፣ «ወንዝ ነበር፤ እኛ ዳር ቆመን አሳለፍነው» ይላል።

የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና አላለፈም። በቅሎ ተከትሎ ተራራ ወጣ።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከላሊበላ ጋር በአንድ ቀን ነው የተመዘገበው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። ተራራውን ለማየት የመጣ ሁሉ ደባርቅ ላይ ቆሞ ይመዘገባል፤ አስጎብኚ ይይዛል፣ ጠመንጃ ያነገበ ስካውት ይመደብለታል፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎ ይቀጥራል። ከዚያ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን እያለ ይወጣል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ እንግሊዝኛ አለው። ስካውቱ «ስሎውሊ»ን፣ «ሌትስ ጎ»ን፣ «ኖ ፕሮብሌም»ን ይዞ አምስት ቀን ሙሉ ሰው ያደርሳል፣ ይመልሳል። አብሳዩ የሚያውቀው የድስቱን ነው። ባለ በቅሎው የሚያውቀው የጭነቱን ነው። ማንም ግን ከሥራው ውጭ ያለ ቃል አልሸመደደም።

ታላቁ የመጀመሪያውን እውነተኛ የእንግሊዝኛ ትምህርት የተማረው ባለ በቅሎ ሳለ፣ ከእሜት ጎጎ በማይርቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከኋላው ያለች ቱሪስት «ሉክ አውት!» ብላ ጮኸች። «ሉክ» ማለት «ተመልከት»፣ «አውት» ማለት «ወደ ውጭ» መሆኑን ከትምህርት ቤት ያውቃል። ስለዚህ ወደ ገደሉ ዞሮ ተመለከተ። ጭነቷ የተንሸራተተባት በቅሎ ደንብራ ከኋላው እየመጣች ነበር። ስካውቱ ክንዱን ይዞ ባይስበው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባለቀ። «ሉክ አውት» ማለት «ተጠንቀቅ» ማለት መሆኑን ማታ እሳት ዳር ተነገረው። ሁለቱንም ቃል ያውቃቸው ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አላወቃቸውም።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው አስጎብኚ ከሆነ በኋላ ነው። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታ ያልለመደ ሰው እዚያ ራሱን ያመዋል፣ ያስታውከዋል። አንዲት ሴት፣ ፊቷ ነጥቶ፣ «ፓስ አውት» ላደርግ ነው አለችው። «ፓስ» ማለፍ፣ «አውት» ውጭ። ወደ ውጭ መውጣት የፈለገች መስሎት የመጸዳጃውን አቅጣጫ በእጁ አሳያት። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ወደቀች። «ፓስ አውት» ለካ ራስን መሳት ኖሯል። ደንግጦ ስልክ ወደሚይዝ ጉብታ ሮጠና ደባርቅ ላለ ባልደረባው ደወለ። የተማራትን ቃል ሊጠቀም ፈልጎ፣ ከቱሪስቷ ጋር የመጡት ጓደኞቿ ቆመው እየሰሙት፣ «ሺ ፓስድ አዌይ» አለ። ይህም «ሞተች» ማለት ነው። ጓደኞቿ ጮኹ። ሴትዮዋ በመኪና ወደ ዝቅታው ስትወርድ ተሻላት፤ ሳንቃበር ላይ ሻይ ጠጣች። እሱ ግን «አውት» እና «አዌይ» የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ ቃላት እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

እንግዲህ የእንግሊዝኛ ትልቁ ጣጣ ያለው እነዚህ ትንንሾች ላይ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ፣ «ጊቭ ኢን» መሸነፍ፣ «ጊቭ ባክ» መመለስ፣ «ጊቭ አዌይ» በነጻ ማደል፣ አንዳንዴም ምስጢር ማውጣት ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ «ጊቭ»ን ለብቻው፣ «አፕ»ን ለብቻው የሚፈልግ ተማሪ «ወደ ላይ ሰጠ» የሚል ትርጉም ይዞ ይቀመጣል።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። አማርኛ ራሱ በዚህ የተሞላ ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዘወር አለ»፣ «ፈቀቅ አለ» ሲባል ማን ምን አለ? ማንም ምንም አላለም። «አለ» የሚለው ግሥ መናገርን ትቶ ከፊቱ ያለው ቃል የሰጠውን ሥራ ይሠራል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው። «እጅ ሰጠ» የሚለውንም ቃል በቃል ቢተረጉመው እጁን ቆርጦ ያበረከተ ሰው ይታየዋል።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። ፍርድ ቤት ደርሶ የተመለሰን ሰው ዘመዱ የሚጠይቀው፣ «ፈረደልህ ወይስ ፈረደብህ?» ብሎ ነው። ግሡ አንድ ነው፤ ዳኛውም አንድ ነው። «ለ» ከሆነች መሬቱ ይመለሳል፣ «በ» ከሆነች መሬቱ ይሄዳል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዚሁ ናቸው። አንዲት ፊደል የሰው ዕጣ እንደምትገለብጥ ማንም ገበሬ ያውቃል። የዳባት ተማሪ «ኦፍ»ና «ኦን»፣ «አፕ»ና «አውት» ግሡን እንደ «ለ»ና እንደ «በ» እንደሚገለብጡት ገና 5ኛ ክፍል ሳለ ቢነገረው ኖሮ ነገሩን እንደ ባዕድ አይፈራውም ነበር። ብዙ ጊዜ ግን አይነገረውም። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛን ማንሳት እንደ ነውር ይቆጠራልና።

እንግሊዝኛ ሁለት ልብስ ያለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን ይጽፉ ነበር። ገበሬው በአሮጌው ቋንቋው ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ ለአንድ ነገር ሁለት ስም አለ፤ አንዱ የመጽሐፍ፣ ሌላው የምድጃ ዳር። በመጽሐፍ «ቶለሬት» የሚባለው በቤት «ፑት አፕ ዊዝ» ነው፤ መታገሥ። በመጽሐፍ «ፖስትፖን» የሚባለው በቤት «ፑት ኦፍ» ነው፤ ማዘግየት። በመጽሐፍ «ኤክስቲንጉዊሽ» የሚባለው በቤት «ፑት አውት» ነው፤ እሳት ማጥፋት። ቅዳሴው በግእዝ ይሰማል፤ ጨው የሚገዛው ግን በአማርኛ ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ግእዝ ተምሮ ጨው ግዛ ይባላል።

የምድጃ ዳሩ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚያደርስ ያሳየ ሰው አለ። ቻርልስ ኦግደን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የሚል የተቀነሰ እንግሊዝኛ አወጣ። ቃላቱ 850 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ የግሥ ሥራ የሚሠሩት 18 ናቸው። «ጊቭ»፣ «ቴክ»፣ «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ጎ»፣ «ከም»፣ «ሜክ»፣ «ኪፕ» እና የመሳሰሉት። እነዚህን ከትንንሾቹ ቃላት ጋር በማጣመር በሺዎች የሚቆጠሩ ግሦችን መተካት ይቻላል ባይ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ተቃዋሚ ነበረው፤ ያልተሟላ ቋንቋ ነው ተባለ። አንድ ነገር ግን አሳይቷል። በቀን ኑሮ ውስጥ ሸክሙን የሚሸከሙት ጥቂት ግሦች ናቸው። የደባርቁ ስካውት ኦግደንን ሳያውቀው በተግባር አረጋግጦለታል።

ቋንቋ በኑሮ ይገባል የሚለው ነገር ለደባርቅ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ቤል ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ አማርኛ ተናግሮ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ እስከ መሆን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1860 ደባርቅ አካባቢ በተደረገ ውጊያ ንጉሠ ነገሥቱን ሲከላከል ሞተ። ያን ሁሉ ከሰው ጋር በልቶ፣ ከሰው ጋር ተጉዞ ነው ያገኘው። የደባርቅ አስጎብኚም በዚያው መንገድ ወደ እንግሊዝኛ ሄደ።

ታናሹ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ገጠር ተወልዶ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዳባት ከተማ ክፍል ተከራየ። ቅዳሜ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ስንቅ ይይዛል፣ እሑድ ማታ ይመለሳል። ትጉህ ልጅ ነው። ሦስት ደብተር ሙሉ ቃላት አሉት፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። «ቶለሬት»፣ «ፖስትፖን»፣ «ኤክስቲንጉዊሽ» ሁሉም አሉ። ዓረፍተ ነገርን ከአክቲቭ ወደ ፓሲቭ ገልብጥ ቢባል ዐይኑን ጨፍኖ ይገለብጣል። በ12 ዓመት ትምህርት ውስጥ ግን በእንግሊዝኛ ከማንም ጋር አውርቶ አያውቅም። መምህሩ ይናገራል፣ እሱ ይገለብጣል፤ ፈተናው ምርጫ ነው፣ እሱ ያጠቁራል። ማውራት ነጥብ የለውም።

ከትምህርት ቤት የያዛቸው ፈሊጣዊ አነጋገሮችም አሉ። ዝናብ በኃይል ሲዘንብ «ድመትና ውሻ ዘነበ» እንደሚባል ተምሯል። ታላቁ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ስንት ክረምት ከፈረንጅ ጋር በስብሻለሁ፤ እንዲህ ያለ አንድም አልሰማሁ» አለው። «መልካም ዕድል» ለማለት «ብሬክ ኤ ሌግ» እንደሚባልም ደብተሩ ላይ አለ፤ ቃል በቃል «እግርህን ስበር» ማለት ነው። መድረክ ላይ ለሚወጣ ተዋናይ የሚባል ምርቃት ነው። ሊማሊሞን ለሚወርድ መንገደኛ ቢባል ግን እርግማን ነው የሚመስለው። ተማሪው «ሆልድ ኦን» ማለት «ቆይ» መሆኑን ሳያውቅ የተዋናዮችን ምርቃት ይሸመድዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ታናሹ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ለመፈተን ከዳባት ከመሄዱ በፊት ጥቂት ሳምንታት ደባርቅ ታላቁ ዘንድ ተቀመጠ። ማታ ማታ ሁለቱ ደብተር ገልጠው ይቀመጡ ነበር።

«ጋሼ፣ 'ፑት አፕ ዊዝ' ምንድን ነው?»

«ይሄ እንኳን የኔ ነው። አንድ ቱሪስት ስለ ቁንጫ ሲያወራ ነው የሰማሁት። መታገሥ፣ መቻል ነው። አንተ ደግሞ ይቺን ንገረኝ፣ 'ሲግኒፊካንት' የሚሉት ምንድን ነው? ወረቀቶቻቸው ላይ ሁሉ አለ።»

አንዱ የያዘውን ሌላው አልያዘም። ታላቁ ሰው ያድናል፣ ያሳምናል፣ ያስቃል፤ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሲሰጡት ግን ይሸሻል። ታናሹ ገጹን ያነብባል፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል። አንድ ቋንቋ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ወንድማማቾች ላይ ተቀምጧል።

ታላቁ ለታናሹ ያስተማረው ሌላው ነገር ጨዋነት ነው። አማርኛ አክብሮቱን ግሡ ጫፍ ላይ ይሸከማል። «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»፣ «ስጡኝ»፣ «ይስጡኝ» አራቱም ለተለያየ ሰው ይባላሉ፤ ጎንደሬው ደግሞ «አንቱ» ብሎ ይጨምርበታል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ አራቱም «ጊቭ ሚ» ሆነው ይቀራሉ። እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው፤ «ኩድ አይ ሃቭ»፣ «ዉድ ዩ ማይንድ» በሚሉ መግቢያዎች። መንገድ ዳር «ጊቭ ሚ ፔን» የሚለው ልጅ ባለጌ አይደለም። በልቡ «ይስጡኝ» ነው ያለው። አክብሮቱ መንገድ ላይ ወድቆበት ነው። ፈረንጁ ግን ትእዛዝ ነው የሚሰማው።

«አዎ»ና «አይደለም»ም እንደዚሁ ሰው ያጣላሉ። «ውሃ አልያዛችሁም እንዴ?» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጠየቀ ባለ በቅሎ፣ እንዳልያዘ ለማረጋገጥ «የስ» ይላል። ፈረንጁ «የስ»ን ሲሰማ ውሃ አለ ብሎ ይወጣል። ውሃ የሌለው ተራራ ላይ ይህ ስሕተት የሰዋስው ስሕተት ብቻ አይደለም።

ውጤቱ መጣ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላው ሀገሪቱ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበር። ታናሹ ከ5.4ቱ ውስጥ አልነበረም።

ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ይነሳል። ኩረጃ መቆሙ፣ የመምህራን ኑሮ፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነቱ። ሁሉም እውነት ናቸው። ስለ ቋንቋው ግን ጮክ ብሎ የሚናገር ጥቂት ነው። የፊዚክሱ ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂውም፣ የሂሳቡም እንዲሁ። ጥያቄውን ያልተረዳ ልጅ ፊዚክስ ወደቀ ወይስ እንግሊዝኛ? ማን ለይቶ አየው?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «የአስጎብኚ እንግሊዝኛ የመንገድ እንግሊዝኛ ነው፤ ፎቶሲንተሲስን አያስረዳም» ይባላል። እውነት ነው። በካናዳ የሚሠራው የትምህርት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህንን ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል። የዕለት ተዕለት ንግግር በቋንቋው መካከል ለሚኖር ልጅ በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል፤ የትምህርቱ ቋንቋ ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ «ዎች ዩር ስቴፕ» ማለት የቻለ ሁሉ 12ኛ ክፍልን ያልፋል የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

ነገር ግን ሁለቱ በግንብ የተለያዩ አይደሉም። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሙቀት «ጊቭ ኦፍ» ይደረጋል ይላል፤ ይወጣል፣ ይለቀቃል ለማለት። የባዮሎጂ መጽሐፍ ምግብ «ብሬክ ዳውን» ይደረጋል ይላል፤ ይፈጫል፣ ይብላላል ለማለት። አንድ ነገር ከምን ከምን እንደተሠራ ሲጠየቅ «ሜድ አፕ ኦፍ» ይባላል። ታናሹ «ሜድ አፕ»ን የሚያውቀው «ፈጠራ ወሬ» በሚለው ትርጉሙ ብቻ ነበር። የምድጃ ዳሩ ቋንቋ ፈተናው ውስጥም ተቀምጧል። ከባዱን ቃል የሸመደደ ልጅ የሚደናቀፈው በቀላሉ ላይ ነው፤ ቀላል ስለሚመስል ማንም አላስተማረውምና።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «መጀመሪያውኑ ልጆቻችን በሰው ቋንቋ ለምን ይማራሉ? ፊዚክስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይሰጥ» የሚል። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ዘንድሮ ለፈተና የሚቀመጠው ልጅ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል።

ታላቁስ? እሱም አልተረፈም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ ተራራው ጭር አለ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲወጣ ደባርቅ ደስ ብሏት ነበር፤ ቱሪስቱ ይጎርፋል ተብሎ። አስጎብኚዎቹ ዛሬ ያገኙትን ይሠራሉ። ታላቁ ድንጋይ ይጭናል፣ ያራግፋል። የሚያሳስበው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ቋንቋው እየሸሸኝ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1885 ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ፣ ያልተደጋገመ ነገር ከአእምሮ እንዴት በፍጥነት እንደሚወጣ በራሱ ላይ ሞክሮ ጽፏል። ታላቁ ያንን ሳያነብ ያውቀዋል። ሰው ሳያናግሩበት የቆየ ቋንቋ ይዝጋል።

ስለዚህ ደባርቅና ዳባት ውስጥ በአንድ በኩል የሚናገር አጥቶ የተቀመጠ ሰው አለ፤ በሌላ በኩል የሚያናግረው አጥቶ የሚወድቅ ተማሪ አለ። በመካከላቸው ያለው የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ነው። ይህን አጥር ለመክፈት የዓለም ባንክ ብድር አያስፈልግም።

ሥራ ፈት የሆኑ አስጎብኚዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው ከተማሪው ጋር ያውሩ። ሰዋስዉን መምህሩ ያርም፤ ወሬውን እነሱ ያምጡ። ለትራንስፖርትና ለሻይ የሚሆን ክፍያ ወረዳው አያጣም። ደባርቅ ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቹን ለልምምድ ሊልክበት ይችላል።

ማስተማሪያውም በእጅ ያለ ነው። ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው አንድ ዘዴ አለ፤ መምህሩ ያዝዛል፣ ተማሪው በአካሉ ይፈጽማል። ለዚህ መሣሪያ የሚሆን ጋቢ በየትከሻው አለ። «ፑት ኦን» ሲባል ይለበሳል፣ «ቴክ ኦፍ» ሲባል ይወልቃል፣ «ፎልድ አፕ» ሲባል ይታጠፋል፣ «ሃንድ ኦቨር» ሲባል ለጎረቤት ይሰጣል። በአንድ ጋቢ አራት ግሥ ተያዘ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ ይሠራል።

ደብተሩም ይለወጥ። በግራ ቃል፣ በቀኝ ትርጉም መጻፍ ይቅርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ፑት ኦፍ» ብቻ ሳይሆን «ዝናቡ ስለጣለ ጉዞውን ፑት ኦፍ አደረጉት» የሚለው ሙሉው በእንግሊዝኛ። በቀን አምስት ይበቃል። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ይደገም። መምህሩም «ፈረደለት»ንና «ፈረደበት»ን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ቢጀምር ምንም ነውር የለውም። ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው ይሻገራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የመጨረሻው ግን የትምህርት ቤትም የወረዳም አቅም አይደለም። ፈተናው ራሱ ካልተለወጠ ክፍሉ አይለወጥም። መናገርና ማዳመጥ አንድም ነጥብ በማያስገኝበት ሀገር የትኛውም መምህር ክፍለ ጊዜውን ለወሬ አይሰጥም። ይህ ለዓመታት ሲነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል። ነጥቡ ትንሽም ቢሆን፣ በትምህርት ቤት ደረጃም ቢሆን፣ ለመናገር ቦታ ይኑረው።

ታናሹ ፈተናውን እንደገና በግሉ ሊወስድ እየተዘጋጀ ነው። ማታ ማታ አሁንም ደብተሩ ይከፈታል። ታላቁ ድካሙን ችሎ ይቀመጣል፤ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። «ሲግኒፊካንት»ን አሁን ያውቃታል። ታናሹም ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ በእንግሊዝኛ አወራ፤ ስለ በቅሎ። ስሕተቱ ብዙ ነበር። ታላቁ አላቋረጠውም።

መንገድ ዳር ያሉት ልጆች ዛሬም አሉ፤ የፈረንጅ መኪና ግን እንደ ድሮው አያልፍም። ብዙ ሰው ልጆቹን እንደ ለማኝ ነው የሚያያቸው። የጠየቁትን ልብ ያለ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ማንኛቸውም ያኔ ብር አልጠየቁም፤ እስክሪብቶ ነው የጠየቁት። እስክሪብቶውንስ አገኙት። በእስክሪብቶው የሚጻፈውን ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ የሰጣቸው የለም።